ጥቆማ፦ ከባሕር ዳር አይአርሲ ለመጀመር የትኛው መስመር፣ የትኛው መተግበሪያ?

ጠያቂ፣ ከፖሊ ግቢ

ሰላም ለሁላችሁ። የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። ስለ ዴቢያን ሊኑክስና ስለ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጥያቄ ሲኖረኝ «አይአርሲ ገብተህ ጠይቅ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ከቴሌግራም ሌላ አላውቅም። ያለኝ የዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ አንድሮይድ ስልክ፣ የግቢ ዋይፋይና የሞባይል ዳታ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዓባይ ማዶ ቤተሰብ ጋ ፋይበር አለ። በምን ልጀምር? ገንዘብ ባይጠይቅ ደስ ይለኛል።

ከዓባይ ማዶ

ወንድሜ፣ አይአርሲ ቻናል የሚባሉ ክፍሎች ገብተህ በጽሑፍ የምትወያይበት ሥርዓት ነው። መጀመሪያ ከቴሌግራም የሚለይበትን አንድ ነገር ያዝ፤ ሌላው ምርጫ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። አይአርሲ ላይ መልእክት የሚደርሰው በዚያች ሰዓት ለተገናኘ ሰው ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም ኔትወርክ ተቆርጦ ከወጣህ፣ በሌለህበት የተባለውን ሰርቨሩ አያስቀምጥልህም። ባሕር ዳር ላይ ሆኖ የሚመርጥ ሰው እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሚያየው መስመሩ ሲቆረጥ ምን እንደሚተርፈው ነው።

ነገሩ ያረጀ ነው፤ በፈረንጆች 1988 ፊንላንድ፣ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያርኮ ኦይካሪነን የጻፈው ነው። እርጅናው ግን ለእኛ ይጠቅማል። አንድ መልእክት ከነአድራሻው ከ512 ባይት አይበልጥም፤ ስለዚህ 1,000 መልእክት ብታነብ ቢበዛ ግማሽ ሜጋባይት ነው። ቪዲዮ የማያጫውት ደካማ ኔትወርክ አይአርሲን በደንብ ይሸከማል።

አሁን ወደ መስመሮቹ። የግቢ፣ የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ላይ ብዙ ጊዜ ለድረ ገጽ ከሚያገለግሉት 80 እና 443 በቀር ሌላው ፖርት (ዳታ የሚያልፍበት ባለ ቁጥር በር) ዝግ ነው። አይአርሲ የሚሄደው በ6697 ነው፤ ያ የተመሰጠረው ነው። 6667 ያልተመሰጠረው ስለሆነ አትጠቀምበት። ፖርቱ መዘጋቱን የምታውቀው «በመገናኘት ላይ» ብሎ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ጊዜው አለፈ ሲልህ ነው። የይለፍ ቃልህ ተሳስቶ ቢሆን ሰርቨሩ ወዲያው ይነግርህ ነበር። እንዲህ ሲሆን መተግበሪያ መቀያየሩ አያዋጣም፤ በብራውዘር ግባ። ሊበራ ቻትና ኦኤፍቲሲ የሚባሉት የአይአርሲ ኔትወርኮች (የሰርቨር ስብስቦች) የራሳቸው የድር መግቢያ አላቸው፤ እሱ በ443 ስለሚሄድ ያልፋል።

የሞባይል ዳታ ከሆነ፣ ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም የቱ ይሻላል የሚለው የሚወሰነው በምትቀመጥበት ክፍል ባለው ምልክት ነው። ጣና ዳር በረንዳ ላይ የሚሠራው ሲም ፎቅ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ለአይአርሲ የፍጥነት መለኪያ አትመልከት፤ መተግበሪያው ራሱ የሚያሳየውን የመዘግየት ቁጥር ተመልከት። ከጥቂት ሰከንድ በላይ እየወጣ እየወረደ ከሆነ፣ ያ መስመር ቶሎ ቶሎ ያስወጣሃል። ሌላው ችግር፣ በሞባይል ዳታ አንድን አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የምትታወቅበትን ቁጥር) ብዙ ሰው ይጋራዋል። የማታውቀው ሰው አጥፍቶ አድራሻው ቢታገድ አንተም ውጭ ትቀራለህ። ከዚህ ብዙ ጊዜ የሚያድንህ የተመዘገበ አካውንት ነው።

ለአንተ የምመክረው፦ ግቢ ውስጥ ብራውዘር፣ ምዝገባውንና ማስተካከያውን ቤተሰብ ጋ በፋይበሩ።

ከቀበሌ 14

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የኔ ጥቆማ ስለ ኔትወርኮቹና ስለ ምዝገባው ነው።

የድሮ መመሪያ ካነበብክ ፍሪኖድ የሚባለው ኔትወርክ ግባ ይልሃል፤ እለፈው። በግንቦት 2013 ሠራተኞቹ ለቅቀው ሊበራ ቻትን መሠረቱ፤ አብዛኛው ፕሮጀክትም አብሯቸው ሄደ። ፓይተንና ዊኪሚዲያ ሊበራ ላይ ናቸው። ዴቢያን ኦኤፍቲሲ ላይ ነው፤ የጣናን ዳርቻ ካርታ ላይ ማስገባት ለሚፈልጉም የኦፕን ስትሪት ማፕ ቻናል እዚያው ነው። ለአንተ ሁለቱም ያስፈልጉሃል፤ የአንዱ አካውንት ለሌላው ስለማይሠራ ሁለት ጊዜ ትመዘገባለህ። ኢኤፍኔት የሚባለው ኔትወርክ የኒክ (የመጠሪያ ስም) ምዝገባ ስለሌለው ለጀማሪ አልመክርም፤ ስትቆረጥ ኒክህን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።

ኒክ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው፤ ግእዝ አይቀበልም፤ በቁጥርም አይጀምርም። ሊበራ ላይ ከ16 ፊደል መብለጥ የለበትም። ሙሉ ስምህን ከነአባትህ አታድርግ፤ ብዙ ቻናል ውይይቱን መዝግቦ ድር ላይ ያወጣል።

ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ድምፅ ነው የምጽፈው፤ አንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋቸዋለህ። ምዝገባውን የሚቀበለው ኒክሰርቭ የሚባለው የኔትወርኩ አገልግሎት ነው፤ እንዲህ ትጽፍለታለህ፦ /ኤምኤስጂ ኒክሰርቭ ሬጂስተር፣ ከዚያ የይለፍ ቃል፣ ከዚያ ኢሜይል። በመካከላቸው ክፍት ቦታ ብቻ ይግባ፤ ነጠላ ሰረዝ የለም። ሊበራ በኢሜይል የማረጋገጫ ኮድ ይልካል፤ ካላየኸው ስፓም ውስጥ ፈልግ። ኮዱን ካላስገባህ አካውንቱ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚጎዳበት ነገር አለ። ከ/ በፊት አንድ ክፍት ቦታ ብታስቀር ትእዛዝነቱ ይቀርና ተራ መልእክት ይሆናል፤ የይለፍ ቃልህ ለመላው ቻናል ይታያል። ስለዚህ ምንም ቻናል ሳትገባ፣ የሰርቨሩ መስኮት ላይ ሆነህ ተመዝገብ። ሌላ ቦታ የማትጠቀምበት የይለፍ ቃል ይሁን።

ከተመዘገብክ በኋላ ሊበራ ላይ ሳስል የሚባለውን አብራ። ሳስል ማለት ገና ስትገናኝ፣ ቻናል ሳትገባ በፊት ማንነትህ ይረጋገጣል ማለት ነው። ለተመዘገበ ሰው ብቻ የሚከፈቱ ቻናሎች አሉ፤ መተግበሪያህ ከሳስል በፊት ቻናሉን ካንኳኳ «ፕላስ አር» የሚል ስህተት ይዞ ይመልስሃል። «ሳስል ብቻ» የሚል መልእክት መጥቶ ጭራሽ ካላስገባህ ደግሞ ያ የአድራሻ ክልል ገደብ ተጥሎበታል፤ በሌላ መስመር ተመዝገብና በሳስል ተመለስ።

አይፒ አድራሻህ ለሌሎች እንዳይታይ ሊበራ ላይ #ሊበራ-ክሎክ የሚባለው ቻናል ገብተህ !ክሎክሚ ጻፍ፤ ኦኤፍቲሲ ላይ /ኤምኤስጂ ኒክሰርቭ ሴት ክሎክ ኦን። ይህ አድራሻህን ከተጠቃሚዎች ይሸፍናል እንጂ መልእክትህን አይመሰጥርም፤ ሚስጥር የሚባል ነገር እዚያ አይጻፍ።

ከጣና ዳር

መተግበሪያ ላወዳድርልህ።

ላፕቶፑ ላይ ሄክስቻት ነጻ ነው፣ ቀላል ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሮጣል። ኮንትሮል ኤስ ስትጫን የኔትወርክ ዝርዝር ይከፈታል፤ ሊበራ ላይ ኤዲት ብለህ ኤስኤስኤል (ምስጠራ) ተጠቀም የሚለው ላይ ምልክት አድርግ፣ የመግቢያ ዘዴውን ወደ ሳስል ለውጥ፣ የይለፍ ቃሉን አስገባ። የተበላሸ ሰርተፍኬት ተቀበል የሚለውን አትንካ፤ ሰርተፍኬት የሰርቨሩ መታወቂያ ነው። ጉድለቱ፣ 2.16.2 የመጨረሻው እትም እንደሚሆን አዘጋጆቹ በፈረንጆች 2024 አሳውቀዋል፤ ዛሬ ይሠራል፣ አዲስ ነገር ግን አትጠብቅ። በየጊዜው የሚታደስ ከፈለግክ ሃሎይ አለ፤ እሱም ነጻ ነው፤ ማስተካከያው ግን በጽሑፍ ፋይል ስለሆነ አንዲት የጥቅስ ምልክት ብትጎድል ቅር ይለዋል። ለሶፍትዌር ተማሪ አይከብድም። ኤምአይአርሲ ከ30 ቀን በኋላ ክፍያ ይጠይቃል፤ አያስፈልግህም።

ስልክ ላይ ጎጉማን ጫን። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ መልኩም ለቴሌግራም ሰው አይከብድም። አይአርሲክላውድ በሌለህበት የተባለውን ያስቀምጣል፤ ነጻው ግን 2 ሰዓት ዝም ካልክ ያቋርጥሃል፤ ሙሉው በዶላር ካርድ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ለአንተ አላልኩም።

ሰርተፍኬት አልተቀበለም የሚል ስህተት ከመጣ ከሁሉ በፊት ቀኑን ተመልከት። የላፕቶፕህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው ያለው፤ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጸና ይመስለዋል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ በጠፋ በበራ ቁጥር ቀኑ የሚመለስ ከሆነ የቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ሲአር 2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ናት።

ከዘንዘልማ

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የእንግሊዝኛው 1። ከ512ቱ ላይ አድራሻው ሲቀነስ በአማርኛ የሚቀርህ ወደ 140 ፊደል ነው። አንዳንዱ መተግበሪያ ቆርጦ ሁለት መልእክት ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ጫፉን ይጥለዋል። አጠር አጠር አድርገህ ላክ።

ኪቦርዱ ዩኒኮድ ይሁን። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላው ሰው ጋ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚደርሰው። ሣጥን ሣጥን ብቻ ከታየህ ደግሞ የጎደለው ፎንት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫን። ትእዛዝ ስትጽፍ ወደ እንግሊዝኛ ኪቦርድ መመለስህን አትርሳ፤ አለበለዚያ ጆይን (የቻናል መግቢያው ትእዛዝ) ያልከው በግእዝ ይወጣና ሰርቨሩ አያውቀውም።

ጠያቂ፣ ከፖሊ ግቢ

እሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መብራት ሲጠፋስ? ቤተሰብ ጋ ፋይበሩ አብሮ ነው የሚጠፋው። «ስምህ ተይዟል» የሚለውስ ለምን ይመጣል?

ከዓባይ ማዶ

ሁለተኛው ቀላል ነው። መስመርህ ድንገት ሲቆረጥ ሰርቨሩ ወዲያው አያውቅም፤ የድሮው ግንኙነትህ ጥቂት ደቂቃ ኒክህን ይዞ ይቆያል። አንተ ስትመለስ ከራስህ ጋር ትጋጫለህ። ሊበራ ላይ /ኤምኤስጂ ኒክሰርቭ ሪጌይን ብለህ ኒክህንና የይለፍ ቃልህን ስትሰጥ ይመልስልሃል።

ለመብራቱ፣ ራውተሩን ገልብጠህ የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብብ። ብዙው 12 ቮልት ነው፣ 9 ቮልት የሆነም አለ፤ አምፔሩንም ጻፈው። ከዚያ ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ግዛ፤ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ፣ ሶኬቱም ልክ መሆን አለበት። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተባለው በ3.7 ቮልት 37 ዋት ሰዓት ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 30 ገደማ። 8 ዋት ለሚበላ ራውተር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል። የፋይበሩ ሣጥንና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው ራውተሩን ብቻ ያገናኝና ኢንተርኔት የለም ይላል።

ከዚያ ቤት የተቀመጠ አሮጌ አንድሮይድ ካለ ተርመክስን (አንድሮይድ ላይ የሊኑክስ ትእዛዝ የሚጻፍበት መተግበሪያ) ከኤፍድሮይድ (ነጻ የመተግበሪያ ማከማቻ) አውርድ፤ በእሱ ላይ ዊቻትንና (የአይአርሲ መተግበሪያ ነው፣ የቻይናው ዊቻት አይደለም) መስኮቱ ቢዘጋም ሥራውን የሚያስቀጥለውን ቲመክስን ጫን። ተርመክስን ከባትሪ ቁጠባ አውጣው፤ ካልሆነ አንድሮይድ ራሱ ይዘጋዋል። ባትሪው ስላለው መብራት ሲጠፋ ስልኩ አይወጣም፤ ዩፒኤሱም ራውተሩን ይይዝልሃል። ቅዳሜ ስትመጣ ሳምንቱን የተባለውን ታነባለህ። ዶላር አልተከፈለም።

ከቀበሌ 14

ስትጠይቅ «ጥያቄ ልጠይቅ?» አትበል፤ ጥያቄውን ራሱን ጻፍ፦ የዴቢያን እትምህን፣ ያደረግከውን፣ የመጣውን ስህተት። ከሦስት መስመር የበለጠ ኮድ የመለጠፊያ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጠህ ሊንኩን ላክ፤ ቻናል ላይ ካፈሰስከው ቦቱ ያስወጣሃል። አውሮፓም አሜሪካም የሚነቃበት ጊዜ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው። ጠይቀህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትወጣ ጠብቅ፤ መልስ ሰጪው ሥራ ላይ ሆኖ በየመሀሉ ነው የሚያየው።