ዓይኔ ላይ የበቀለችው ነገር፦ እስከ ቀጠሮዬ 22 ቀን እንዴት ልቆይ?

ሰፊዋ (ቱሉ ዲምቱ)፣ ጥቅምት 26

ሰላም ለሁላችሁ። 38 ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ሱቅ ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ።

ከግንቦት ጀምሮ ቀኝ ዓይኔን ይቆረቁረኝ ነበር። አቧራ ነው ብዬ ተውኩት። ክረምቱ ገብቶ አቧራው ሲጠፋም አልተወኝም። መስከረም ላይ በመስታወት ሳይ ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት፣ በአፍንጫዬ በኩል፣ ነጣ ያለች ነገር አገኘሁ። የሩዝ ፍሬ ግማሽ ብታህል ነው። ቀጭን ቀይ የደም ሥር ወደ እሷ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ በመብራት አይቶ፣ «ተራ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ስፔሻሊስት ይየው» ብሎ ሪፈር ጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ጆሮዬ ጭው አለ። ወረቀቱን መያዜን ያወቅሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ቀጠሮው ህዳር 18 ነው።

ቀን ቀን ሥራ አለ። ለጥር ሰርግ የተቀበልኩት ቀሚስ ብቻ ዘጠኝ ነው። ችግሩ ማታ ነው። ሁሉም ሲተኛ መታጠቢያ ቤት እገባና የስልኬን መብራት አብርቼ አያታለሁ። አንድ ሌሊት አራቴ ተነስቻለሁ። ትናንት በምሰፋበት ሜትር ልለካት ሞከርኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ። አንዴ ያደገች ይመስለኛል፣ አንዴ ያነሰች። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ፎቶ ደግሞ ከፊቴ አልሄድ ብሏል።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እህቱን በካንሰር ካጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። አክስቴ ብቻ አየችብኝና «ቅጠል ጨምቄ ላድርግልሽ» እያለችኝ ነው።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ እነዚህን ቀናት እንዴት እንዳሳለፋችኋቸው ንገሩኝ።


ነርሷ (ለገጣፎ)

እህቴ፣ ዓይን ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉ በፊት ቅጠሉን እምቢ በይ። በቅጠል ጭማቂ ዓይኑ ቆስሎ የመጣ ሰው በእጄ አክሜያለሁ። ዓይኑን የጎዳው መጀመሪያ የነበረበት ነገር አልነበረም፣ ቅጠሉ ነው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝም ከፋርማሲ ጠብታ ገዝተሽ አታድርጊ። አንዳንዱ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አለበት። መቅላቱን ያጠፋልሽና ውስጥ ለውስጥ የዓይንሽን ግፊት ሊጨምር ይችላል።

ምን እንደሆነች እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ከዚህ ሆነን ልንነግርሽ አንችልም። ግን ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ በበዛበት አገር ዓይን ላይ ሥጋ መብቀል በጣም የተለመደ ነው። ተሪጂየም ይባላል። ካንሰር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚነሳውም በአፍንጫ በኩል ነው። የዓይን ገጽ ካንሰርም ብዙ ጊዜ እዚያው ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ይነሳል፣ እሱም ከፀሐይ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ በማየት ብቻ መለየት ያስቸግራል። ሪፈር የተጻፈልሽ ለዚህ ነው። ሐኪሙ አውቆ ደበቀኝ ብለሽ እንዳታስቢ።

ካንሰር ቢሆንስ? እሱንም ሳልሸሽ ልንገርሽ። ይህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ላይ ላዩን ይቆያል። ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት ዓይኑን አደንዝዘው እሱን ብቻ ያነሱታል፣ የተነሳውም ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ይላካል። ኬንያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለአራት ሳምንት ፍሉሮዩራሲል የሚባል ጠብታ የተሰጣቸው ሰዎች ላይ ተመልሶ የመጣው በጥቂቶቹ ብቻ ነው። የሚያስፈራው ለረጅም ጊዜ ተትቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። አንቺ ግን የሩዝ ፍሬ ሳታህል ደርሰሻል።

የኤችአይቪ ምርመራ ቢያዙልሽ አትደንግጪ። ካንሰሩ ቫይረሱ ባለባቸው ሰዎች ላይ ስለሚበዛ ነው የሚጠይቁት። አንቺን ጠርጥረው አይደለም።

እይታሽ ከቀነሰ፣ ከባድ ሕመም ከመጣ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ጎላ ብላ ካደገች ቀጠሮውን አትጠብቂ። ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ።

ስለ መስታወቱ፦ ሌሊት ሌሊት አትያት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ ቁሚና ሰው ፎቶ ያንሳሽ። ቀኑን መዝግቢ። ለሐኪሙም የሚጠቅመው እሱ ነው። በአንድ ሌሊት አራቴ ያየ ሰው ድካሙ ነው የሚታየው።


ሹፌሩ (ሰበታ)

እህትዓለም፣ የኔ በግራ ዓይኔ ነበር። 15 ዓመት በአይሱዙ እህል ጭኛለሁ። ፀሐዩ የሚገባብኝ በግራ መስኮት ነው፣ መነጽር ደግሞ አድርጌ አላውቅም ነበር።

ቀጠሮ አንድ ወር ጠበቅሁ። ከተነሳልኝ በኋላ ደግሞ የፓቶሎጂ ውጤት ሦስት ሳምንት። ሁለተኛው ጥበቃ ለኔ ከመጀመሪያው ከብዶኝ ነበር፣ ከአሁኑ እወቂው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፍርሃቱ ይቀሰቅሰኛል። ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል እያልኩ እስኪነጋ እገላበጣለሁ። የረዳኝ ደብተር ነው። ነዳጅ የምመዘግብበት ደብተር ጀርባ ላይ የመጣብኝን ሁሉ ጻፍኩ። «ዓይኔ ይወጣል?» «መንዳት እችላለሁ?» «ስንት ብር ይፈጃል?» ከጻፍኩት በኋላ ለሐኪሙ አስቀመጥኩት ማለት ነው፣ እስኪነጋ አላነሳውም። ሁልጊዜ አልሠራም፣ ብዙ ሌሊት ግን ሠርቷል። ቀጠሮዬ ዕለት ወንድሜን ይዤ ገባሁ። ሐኪሙ ካለው ውስጥ እኔ የሰማሁት ግማሹን ነው። የቀረውን እሱ ጽፎልኝ ነበር።

ውጤቱ ካንሰር ነው። ገና ላዩ ላይ ያለ። ከተነሳልኝ አራት ዓመት ሆነኝ። በየስድስት ወሩ እታያለሁ፣ የቀጠሮው ሳምንት ሲመጣ አሁንም ሆዴ ይረበሻል። ፍርሃቱ ጨርሶ ይለቅሻል ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ግን ይኸው እየነዳሁ ነው።


የልጆች እናት (ሱሉልታ)

ልጄ፣ የኔ ነገር ስለ ባልሽ ነው። ጡቴ ላይ እብጠት የተገኘ ጊዜ ለሟቹ ባለቤቴ አንድ ወር ሙሉ ደበቅሁት። እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። እሱ ለካ ሌሊት ስነሳ ይሰማኛል። ጠልታኛለች ብሎ ኖሯል ወር ሙሉ ያኮረፈው። እብጠቱ ደህና ሆኖ ተገኘ፣ ያ ወር ግን ዛሬም ይቆጨኛል። ንገሪው። ጸበልም ብትጠመቂ እሰየው፣ ቀጠሮውን ግን እንዳታስቀሪ። ሁለቱ አይጣሉም።


ሰፊዋ (ቱሉ ዲምቱ)፣ ጥቅምት 29

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ትናንት ማታ ልጆቹ ሲተኙ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ሌሊት ሌሊት የምትነሺው ለዚህ ነው?» አለኝ። እሱም ይሰማ ኖሯል። እህቱን አንስቶ አለቀሰ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት መስኮት ጋ አቁሞ ፎቶ አነሳኝ። የእሱ እጅ ከእኔ ብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጠራችው ሦስተኛዋ ናት። ከዚህ ሚኒሊክ ሆስፒታል ሦስት ታክሲ ስለሆነ የቀጠሮው ዕለት ሌሊት 11 ሰዓት እንወጣለን ብሏል። ፈቃድም ጠይቋል። ለአክስቴ ቅጠሉን የከለከላት እሱ ነው።

የደንበኛ ልክ የምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ ጥያቄ ጀምሬያለሁ። ሰባት ደርሷል። የመጀመሪያው «መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። ትናንት ሌሊት አንዴ ተነሳሁ፣ መብራቱን ግን አላበራሁም።

ሹፌሩ ወንድሜ፣ ስምንተኛውን ላንተ ልጠይቅህ፦ ከተነሳልህ በኋላ ስንት ቀን ሥራ ፈታህ? የጥር ሰርጉን ቀሚስ ከወዲሁ ለሌላ ሰፊ ላካፍል ወይ ብዬ ነው።