ኢኮኖሚክስ ተምሮ የገንዘብ ሚኒስትር የሚኮነው በየት በኩል ነው?

የስድስት_ኪሎ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ሳቁብኝ ግን የምሬን ነው፣ አንድ ቀን ገንዘብ ሚኒስትር መሆን እፈልጋለሁ። ቤት ውስጥ “ባንክ ግባና አርፈህ እንጀራህን ብላ” ይሉኛል። መምህሬ ውጭ ወጥተህ ፒኤችዲ ያዝ ይላል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ፓርቲ ካልገባህ ዲግሪው ለግድግዳ ነው ባይ ነው። የቱን ልስማ?

ደረቅ_ቼክ፦
የሕንዱን ማንሞሃን ሲንግን እየው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ካምብሪጅና ኦክስፎርድ መማሩን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የንግድ ሚኒስቴር አማካሪ ሆኖ መንግሥት ቤት ገባ፣ ከዚያ የገንዘብ ሚኒስቴር ዋና የኢኮኖሚ አማካሪ፣ የማዕከላዊ ባንክ ገዥ፣ የፕላን ኮሚሽን ምክትል ሰብሳቢ እያለ ከወንበር ወንበር ሲዞር ኖረ። በ1991 አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ አልቆባት ወርቋን ለመያዣ ወደ ለንደን ስትጭን ጠቅላይ ሚኒስትር ራኦ ገንዘብ ሚኒስትር ሁን ብለው አስጠሩት። መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በማግስቱ እንደወትሮው ቢሮው ገብቶ ሲሠራ ራኦ ራሳቸው ደውለው ለቃለ መሐላው ና አሉት። ያኔ የምክር ቤት አባል እንኳ አልነበረም! በወሩ የሩፒውን (የሕንድን ገንዘብ) ምንዛሪ ዝቅ አደረገ፣ የኢንዱስትሪ ፈቃዱን ጣጣ አብዛኛውን አነሱት።

ማሚቱ_አራት_ኪሎ፦
ከውጭም ይመጣል እኮ። የናይጄሪያዋ ንጎዚ ኦኮንጆ-ኢዌላ ዓለም ባንክ ስትሠራ ኖራ ነው እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ ገንዘብ ሚኒስትር አድርገው የሾሟት። በ2005 ፓሪስ ክለብ ከሚባለው የአበዳሪ አገሮች ቡድን ጋር ተደራድራ 18 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አሰረዘች። እና ምን ሆነች? በዓመቱ አንስተው ውጭ ጉዳይ አደረጓት፣ ብዙም ሳትቆይ ለቀቀች። ፒኤችዲህ በር ድረስ ያደርስሃል፣ ቁልፉ ግን ሁሌም በሿሚው ኪስ ነው። ጓደኛህ ያለው እዚህ ላይ ልክ ነው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ የሌላ አገሩን ተወውና የኛን ልንገርህ። በሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትር ከምክር ቤት ውጭም ሊያጭ ይችላል። በተግባር ግን ዶክተር አብርሃም ተከስተም ሆኑ አቶ አህመድ ሺዴ የገንዘብ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት እዚያው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ዴኤታ ነበሩ። ስለዚህ ደረጃው የሚታይ ነው። እኔ ብሆን ከታች በጀት ክፍል እጀምራለሁ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ፋይሉን ተሸክሞ መጥቶ ይህ ካልተፈቀደልን ሥራ ይቆማል እያለ ሲሟገት፣ አንተ ደግሞ ከየት አምጥቼ ስትል፣ ያንን የትኛውም ዩኒቨርሲቲ አያስተምርህም። ሰኔ ላይ ምክር ቤት እስኪያጸድቀው ቤትህን ትረሳለህ። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባና ጭማሪ ጥያቄው እንደገና ይጀምራል።

የስድስት_ኪሎ_ልጅ፦
አመሰግናለሁ አባቴ። ግን የበጀት ባለሙያ ደመወዝ የቤት ኪራይ ይችላል?

ጡረተኛው፦
አይችልም። ለጊዜው ከቤተሰብህ እንዳትወጣ።