«ቁልፍ የያዘ ረዳት»፦ የሱፐርቫይዘር ደመወዝ ይብዛ ወይስ ይብቃው?

ማታ ዘጊዋ፦
ትናንት ስለ ሱቅ ደመወዝ ሲወራ አንዱ «በሱፐርቫይዘርና በረዳት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መሆኑ ልክ ነው፤ ሱፐርቫይዘር እኮ ቁልፍ የያዘ ረዳት ነው» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰውም ደገፈው። እኔን ግን አንገበገበኝ። ሱፐርቫይዘር ነኝ። ካሽ ሲጎድል የምጠየቀው እኔ። ሰው ሲቀር በስልክ ተተኪ የምለምነው እኔ። ደንበኛ ተቆጥቶ «ኃላፊ ጥሩልኝ» ሲል ፊቱ የምቆመው እኔ። ከሁሉም ቀድሜ እከፍታለሁ፣ ከሁሉም በኋላ እዘጋለሁ። ለዚህ ሁሉ ከረዳቱ በላይ የሚከፈለኝ ለመናገር ያሳፍራል። ረዳቱ ትርፍ ሰዓት በሠራበት ወርማ ጭራሽ ይበልጠኛል። እኔ «ኃላፊ» ስለተባልኩ ትርፍ ሰዓት አይታሰብልኝም። ይሄ ልክ ነው የሚል ካለ ያስረዳኝ።

ባለ መደርደሪያው፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ያው ነው የምለው። ረዳት ነኝ። ዕቃ አወርዳለሁ፣ እደረድራለሁ፣ ካሽ እይዛለሁ፣ ወለል አጸዳለሁ። ሱፐርቫይዘራችንም አብዛኛውን ሰዓት የሚሠራው ይህንኑ ነው። የሚለየን ቁልፍና የይለፍ ቃል ነው። ሥራው አንድ ከሆነ ክፍያው ቢቀራረብ ምኑ ያስቆጣል? ይልቅ የሁለታችንም ደመወዝ ወር አለመድረሱ ነው ሊያስቆጣን የሚገባው።

ማታ ዘጊዋ፦
«ቁልፍና የይለፍ ቃል» ብለህ እንደ ቀላል ነገር አለፍከው። ዕቃ ተመላሽ ሲሆን፣ የተመታ ሒሳብ ሲሰረዝ፣ ቅናሽ ሲፈቀድ የሚገባው የኔ ኮድ ነው። ነገ አንድ ሰው በሐሰት ተመላሽ ገንዘብ ቢወስድ ሲስተሙ ላይ የሚወጣው የኔ ስም ነው። ሌሊት አላርም ቢጮህ የሚደወለው ለኔ ነው። አንተ ፈረቃህ ሲያልቅ ትሄዳለህ። እኔ ቤቴ ገብቼም ስልኬን ማጥፋት አልችልም።

ሒሳብ ይናገር፦
ሁለታችሁም ማን ምን እንደሚሠራ ትከራከራላችሁ። ልዩነቱ ለምን ጠበበ የሚለውን ግን ማንም አላነሳም። በብዙ ቦታ የጠበበው የሱፐርቫይዘር ሥራ ስለቀለለ አይደለም። ታች ያለው ከፍ ሲል ላይ ያለው እዚያው ስለቀረ ነው። እንግሊዝን ተመልከቱ። በፈረንጆቹ 2016 ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሠራተኞች ሕጋዊው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.20 ፓውንድ ነበር። በኋላ የዕድሜው ወለል ወደ 21 ወርዶ፣ ክፍያው በ2025 ሚያዝያ 12.21 ደረሰ። ወደ 70 በመቶ ጭማሪ ነው። ጀርመን ደግሞ በ2022 ጥቅምት በአንድ ጊዜ ከ10.45 ወደ 12 ዩሮ ከፍ አደረገች። ይሄ ሁሉ ለታችኛው እርከን በሕግ የተጨመረ ነው። ለሱፐርቫይዘሩም በዚያው ልክ ጨምሩ ብሎ ድርጅቶቹን የሚያስገድድ የለም። ረዳቱ 100፣ ሱፐርቫይዘሩ 120 ያገኙ ነበር እንበል። ረዳቱ 112 ሲደርስ ሱፐርቫይዘሩን 123 አደረጉት። ሁለቱም ተጨምሮላቸዋል። የኃላፊነቱ ዋጋ ግን ከ20 ወደ 11 ወረደ።

ባለ መደርደሪያው፦
እና ጥፋቱ የኔ ነው? ሕጉ ለኔ ስለጨመረ ከሷ ኪስ ወሰድኩ? እንዲህ ያለ ሒሳብ ሁልጊዜ መጨረሻው «ረዳቶች በዛላቸው» ነው።

ሒሳብ ይናገር፦
በዛላችሁ ያለ የለም። ድርጅቱ አንዱን በሕግ ተገዶ ሲጨምር ሌላውን በዝምታ አስቀረው ነው ያልኩት። አንተ ደግሞ ያንን ዝምታ «ልክ ነው» ብለህ እየተከላከልክለት ነው።

የቆጠራ ሌሊት፦
እኔ ወደ መጀመሪያው ልመለስ። «ካሽ ሲጎድል የምጠየቀው እኔ» ያልሽው እኛ ጋ አይሠራም፣ እህቴ። እኛ ጋ ሲጎድል የሚቆረጠው ከካሸሩ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሪፖርት ይጽፋል፣ እኛ እንከፍላለን። ቆጠራ ላይ ዕቃ ሲጎድልም ሌሊቱን ቆመን የምናድረው እኛ ነን።

ማታ ዘጊዋ፦
ከካሸር መቁረጥ ትክክል ነው ብዬ አላውቅም። ራሴም የቅነሳውን ወረቀት ያልፈረምኩበት ጊዜ አለ። ለዚያ ማስጠንቀቂያ የደረሰኝ እኔ ነኝ እንጂ ካሸሯ አይደለችም። አያችሁ? ከላይ «ቁረጪ» ይሉኛል፣ ከታች «አስቆረጠችን» ትሉኛላችሁ። ማናጀሩ ቢሮው ነው። መሀል ወለሉ ላይ ከናንተ ጋር የምቆመው እኔ ነኝ።

የቆጠራ ሌሊት፦
አንቺ ካልፈረምሽ ጎበዝ ነሽ። የኛዋ ግን ፈርማለች። ደመወዟ ቢጨመር መፈረሟን ታቆማለች?

አንጋፋው፦
ልጆች፣ እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ዓመት ቅርንጫፍ አስተዳድሬአለሁ። ስለ ደመወዝ ልዩነት የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ልዩነቱ ላይ ላለው ሰው ብቻ አይደለም የሚከፈለው፤ ታች ያለውም የሚያየው ነው። ላዚርና ሮዘን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በፈረንጆቹ 1981 ይህንን በደንብ አስረድተውታል። በእርከን መካከል ያለው ክፍተት እንደ ውድድር ሽልማት ነው፤ ሽልማቱ ካነሰ የሚሮጥ ይቀንሳል። እኔም በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው። የሱፐርቫይዘር ክፍት ቦታ ሲለጠፍ ጎበዞቹ ረዳቶች አይመዘገቡም። ለምን ስላቸው «ለዚህች ጭማሪ ሰላሜን አልሸጥም» ይሉኛል። ያኔ የሚሾመው ማን ይሆናል? ስም የሚፈልገው። ከዚያ በኋላ ሱፐርቫይዘሮች አይረቡም ብላችሁ ታማላችሁ።

ባለ መደርደሪያው፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ውድድር የሚሉት ነገር እኛ ዘንድ አይታይም። ለአንድ ቦታ ስንቱ ረዳት ነው የሚሮጠው? አንዱ ያልፋል፣ የቀረነው እዚያው ነን። ሽልማቱን ትልቅ ለማድረግ የሚወጣው ገንዘብ ከየት ይመጣል? በጀቱ ያው ነው ሲባል ከኛ ጭማሪ ላይ ነው የሚቀነሰው። ደግሞ ሹመቱ በጉብዝና መሆኑን ማን አየ? ቅርንጫፋችን ውስጥ ሥራውን የምታውቀው ሌላ ሆና የማናጀሩ ወዳጅ ነው የተሾመው።

ማታ ዘጊዋ፦
አሁን ደግሞ በወዳጅነት ተሾማችሁ ልትለን ነው? እኔ ከመደርደሪያ ነው የጀመርኩት። ያንተን ሥራ ሠርቼዋለሁ፤ አንተ የኔን አልሠራኸውም። «ቁልፍ የያዘ ረዳት» ለማለት መጀመሪያ ቁልፉን ያዘው።

ባለ መደርደሪያው፦
ያንቺን ስም አልጠራሁም። የኛ ቅርንጫፍ ነው ያልኩት። ቁልፉን በተመለከተ ግን እይዘዋለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ፈቃድ ሲወጣ የምሸፍነው እኔ ነኝ። እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ካዝና እቆጥራለሁ፤ አንድ ሳንቲም አይጨመርልኝም። ሥራውን የማላውቀው አታስመስዪ።

ሒሳብ ይናገር፦
ቆይ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ስትሸፍን ሥራው ተጨማሪ ክፍያ ይገባዋል ትላለህ ወይስ አትልም?

ባለ መደርደሪያው፦
ስሸፍን በዚያ ሰዓት ይገባኛል እላለሁ።

ሒሳብ ይናገር፦
እንግዲያው አንተ በሰዓት የሚገባህ እሷ ዓመቱን ሙሉ ለምን አይገባትም? «ቁልፍ የያዘ ረዳት» ነኝ ብለህ ራስህ ክፍያ እየጠየቅክ ነው።

ባለ መደርደሪያው፦
አይገባትም አላልኩም! ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ ልክ ነው አልኩ። ትንሽና ባዶ አንድ አይደሉም።

ማታ ዘጊዋ፦
የኔ እኮ ወደ ባዶው ነው የሚጠጋው። ያልገባህ እሱ ነው።

ሦስተኛ ፈረቃ፦
እዚህ ክርክር ውስጥ ሁላችሁም ስለ ወር ደመወዝ ነው የምታወሩት። በሰዓት አካፍሉት። ረዳቱ ለ40 ሰዓት 100 ቢያገኝ በሰዓት 2.50 ነው። ሱፐርቫይዘሯ 110 ታገኛለች፤ ነገር ግን ካሽ ስታስረክብ፣ ሪፖርት ስትሞላ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ፈረቃ ስታወጣ በሳምንት 4 ሰዓት ያለ ክፍያ ትቆያለች። 110ን ለ44 ስታካፍሉት ያው 2.50 ነው። አንድ ሰዓት ደግሞ ከጨመረች ከረዳቱ ታንሳለች። «ትንሽ ልዩነት» የምትሉት ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ልዩነት ነው።

አንጋፋው፦
ኃላፊነት በሰዓት አይለካም። እኛ ሰዓት ቆጥረን አልሠራንም።

ሦስተኛ ፈረቃ፦
እርስዎ ሰዓት ሳይቆጥሩ ሲሠሩ ድርጅቱ ግን ሲቆጥር ነበር፣ አባቴ። ማዕረግ ሰጥቶ ትርፍ ሰዓት መከልከል የቆየ ዘዴ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ራሱ ይህንን ለመገደብ ሞክሯል። አንድን ሰው «አስተዳዳሪ ነው» ብሎ ትርፍ ሰዓት ለመከልከል ስሙ ብቻ አይበቃም። ዋና ሥራው ማስተዳደር መሆን አለበት። ቢያንስ ሁለት የሙሉ ጊዜ ሠራተኞችን መምራት አለበት። በቅጥርና በስንብት ላይ ሥልጣን ወይም ክብደት ያለው ቃል ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ሌላ የደመወዝ ወለል አለ። በ2020 በሳምንት 684 ዶላር ሆነ። በ2024 መንግሥት ከፍ አድርጎት ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረውና ወደ 684 ተመለሰ። አሁን ማታ ዘጊዋን በዚህ መስፈርት ለኳት። ትቀጥሪያለሽ? ታሰናብቻለሽ?

ማታ ዘጊዋ፦
ሰው መቅጠር ቀርቶ አምፖል ለማስቀየርም ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ባለ መደርደሪያው፦
እና እኔ ምን አልኩ? ውሳኔው በእጅሽ ካልሆነ «ኃላፊ» የሚለው ስም ለነሱ ነው የጠቀመው። ስለዚህ መታገል ያለብሽ ለትርፍ ሰዓት ክፍያሽ ነው። ከኔ ርቀሽ ለመታየት አይደለም።

ማታ ዘጊዋ፦
ርቄ ለመታየት? ማነው ያለው? የሚጠየቅ ሰው የሚጠየቅበት ይከፈለው ነው ያልኩት። ሥልጣን ሳይሰጡኝ ተጠያቂነቱን ጭነውብኛል። ይሄ ክፍያዬን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

የመስኮት ዳር፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «ርቀሽ ለመታየት» የሚለው ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ሰው ደመወዙን ብቻውን አያይም፤ ከጎኑ ካለው ጋር ነው የሚያስተያየው። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ካርድና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2012 ባሳተሙት ጥናት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የባልደረቦቻቸውን ደመወዝ የሚያዩበት ድረ ገጽ እንዳለ ነገሯቸው። ከክፍላቸው መካከለኛ ደመወዝ በታች ያሉት በሥራቸው ያላቸው እርካታ ቀነሰ፣ ሌላ ሥራ መፈለግም አሰቡ። በላይ ያሉት ግን የበለጠ አልተደሰቱም። ስለዚህ የሷ ምሬት ቅናት አይደለም፤ ማንም የሚሰማው ነው። ያንተም እንዲሁ።

የቆጠራ ሌሊት፦
ዩኒቨርሲቲና ሱቅ ምን አገናኘው? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካሽ ጎደለ ተብሎ ከደመወዝ አይቆረጥም።

የመስኮት ዳር፦
ሰውን ከሰው ማወዳደሩን ነው ያመጣሁት እንጂ ካሽን አይደለም።

የቆጠራ ሌሊት፦
እኔ ግን ያነሳሁት ካሽን ነው፤ ማንም አልመለሰልኝም። የሱፐርቫይዘር ጭማሪ ሲመጣ ጉድለቱን አብራችሁ ትካፈላላችሁ ወይስ አትካፈሉም?

ማታ ዘጊዋ፦
ማንም ከደመወዙ መካፈል የለበትም። ሱቅ ካለ ጉድለት አለ፤ የንግድ ወጪ ነው። ሰርቆ ከተገኘ በማስረጃ ይጠየቅ። አንተ ግን ጭማሪዬን ቅጣት ልታያይዝበት ነው የፈለግከው።

ሒሳብ ይናገር፦
ወደ መፍትሔ ካልሄድን እዚሁ እንከርማለን። እኔ የምለው ልዩነቱ በቁርጥ ሳይሆን በመቶኛ ይጻፍ። የረዳቱ ሲነሳ የሱፐርቫይዘሩም አብሮ ይነሳል። ያኔ ረዳቱ ለራሱ ሲታገል ለሷም ይታገላል። ማንም ማንን አይቀናቀንም።

ባለ መደርደሪያው፦
በመቶኛ ከሆነ ክፍተቱ በገንዘብ በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል። አልስማማም። የኃላፊነት አበል ይባልና በግልጽ ለብቻው ይከፈል። ቁልፉን የያዘ ሁሉ፣ የሸፈነም ጭምር፣ ለያዘበት ቀን ይውሰድ። ቁልፉን ሲመልስ አበሉም ይቁም።

ማታ ዘጊዋ፦
አበል ከሆነማ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ታምሜ ስቀር ይቀራል፣ የወሊድ ፈቃድ ስወጣ ይቀራል፣ ጡረታዬ ሲሰላ አይቆጠርም። በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ይግባልኝ።

አንጋፋው፦
እሷ ልክ ናት። በአበል የተሰጠ ነገር በአንዲት ደብዳቤ ይነሳል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ባለ መደርደሪያው፦
በመሠረታዊው ላይ ከገባ ደግሞ እኔ ስሸፍን ምንም አላገኝም። እንደገና የሁሉም ነገር ተጠቃሚ ሱፐርቫይዘሩ ብቻ ሊሆን ነው።

ሦስተኛ ፈረቃ፦
የሸፈነበት ለየብቻ በሰዓት ይታሰብለት፣ የሷ በመሠረታዊው ይግባ። ሁለቱም አይቻልም ያለው ማነው?

ባለ መደርደሪያው፦
ማናጀሩ። ጠይቄው «ለመማር ዕድል አገኘህ» ነው ያለኝ።

ማታ ዘጊዋ፦
እኔንም ከመሾሜ በፊት እንደዚሁ ነበር ያለኝ። ግን አንተ አሁንም ልዩነቱ ትንሽ ይሁን ነው የምትለው?

ባለ መደርደሪያው፦
አዎ። ትንሽ ይሁን፤ የኛም ይነሳ።

የቆጠራ ሌሊት፦
የካሽ ጉድለቱን አሁንም አልጨረስነውም። የሱፐርቫይዘር ኮድ ካሸሮች ጋ በምን ምክንያት እንደሚገኝ የሚያስረዳኝ አለ? እኛ ጋ ሁሉም ያውቀዋል።