የሠርግ አዳራሽ፣ ሃይማኖትና የኮሎራዶ ሕግ፦ "አላከራይም" ማለት ይቻላል?

ባለ አዳራሹ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ሬስቶራንትና አነስተኛ የሠርግ አዳራሽ አለኝ። በእምነቴ ምክንያት የተመሳሳይ ጾታ ሠርግ ማስተናገድ አልፈልግም። ሰዉ ሁሉ "ኬክ ጋጋሪው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረትቷል፣ ምን ያስፈራሃል?" ይለኛል። እውነት ነው? ይህንኑ በር ላይ ብለጥፍስ?

ፍትሕ ዴንቨር
ወንድሜ፣ በዚያ ፍርድ አትመካ። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሠርግ ኬክ አልሠራም ባለው የኮሎራዶ ጋጋሪ ጉዳይ፣ በ2018ቱ የማስተርፒስ ኬክሾፕ ውሳኔ፣ 7 ለ 2 ለጋጋሪው የተፈረደው፣ የኮሎራዶ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን ሲያይ ለእምነቱ ጥላቻ አሳይቷል ተብሎ ነው። ነጋዴ ሃይማኖቱን ጠቅሶ ደንበኛ ይመልስ አላለም። የ2023ቱ 303 ክሪኤቲቭ፣ ለተመሳሳይ ጾታ ሠርግ ድረ ገጽ አልሠራም ያለች ዲዛይነር ጉዳይ፣ 6 ለ 3፣ ከዚያ ይሻላል፤ መሠረቱ ግን የመናገር ነጻነት ነው። ዲዛይነሯን መንግሥት የማታምንበትን መልእክት እንድትፈጥር አያስገድዳትም አለ። ወንበር፣ ጠረጴዛና ኩሽና ማከራየትን "ንግግር ነው" ብለህ ዳኛ ማሳመን ግን በጣም ይከብዳል።

ማስታወቂያውን በፍጹም እንዳትለጥፍ! የኮሎራዶ ሕግ መከልከልን ብቻ ሳይሆን "እከለክላለሁ" ብሎ ማሳወቅንም ይከለክላል። አንድ ሰው ሳትመልስ ወረቀቱ ብቻውን ያስከስስሃል፤ ፌስቡክ ላይ ብትጽፈውም ያው ነው።

ትዕግሥት
"ምን እሸጣለሁ" የሚለው ያንተ ነው፤ "ለማን እሸጣለሁ" የሚለው ላይ ሕጉ ይገባል። አሳማ አለማቅረብ፣ መጠጥ አለመሸጥ፣ ረቡዕና አርብ የጾም ብቻ መሥራት ይቻላል። በዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀን ሠርግ አላስተናግድም ብትልም ለሁሉም እኩል እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ለአንዱ ጥንዶች የሸጥከውን ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ለሌላው ስትከለክል ነው ጣጣው።

ደግሞ "ቀኑ ተይዟል" የሚለው ሰበብ አያዋጣም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ቴክስት አድርጎ ያንኑ ቅዳሜ ካገኘ፣ ሁለቱ ቴክስቶች ጎን ለጎን ቀርበው ማስረጃ ይሆኑብሃል።

የሚኒያፖሊስ ሹፌር
ለታክሲም እንደዚያው ነው። እዚህ ኤርፖርት መጠጥ የያዘ ተሳፋሪ በሃይማኖት ምክንያት አንጭንም ያሉ ሹፌሮች ነበሩ። ከ2007 ጀምሮ ለመጀመሪያው ጥፋት 30 ቀን እገዳ፣ ለሁለተኛው ፈቃዱ 2 ዓመት እንዲሰረዝ ተወሰነ። መሪ ውሻ የያዘ ማየት የተሳነው ሰው ሲመጣም ለውሻው ወረቀት ሳይጠየቅ ይጫናል።

አበበ ዘ አውሮራ
ይህን ዓይነት ሕግ እንደ ጠላት አንየው፣ እኛንም የሚጠብቅ ነው። በ1960ዎቹ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የባርቤኪው ቤቶች ባለቤት ጥቁሮችን አላስገባም ያለው ሃይማኖቴ ነው ብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 ክርክሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ነጠላ ለብሳ ወይም ሒጃብ አድርጋ የገባች ደንበኛ እንዳትባረር የሚያደርገውም ይኸው ዓይነት ሕግ ነው።

ትዕግሥት
አንድ ነገር ልጨምር፦ በኮሎራዶ ሕግ በዋናነት ለአምልኮ የሚውል ቦታ ነጻ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽና ያንተ አንድ አይደሉም። የኪራይ ውልህን ከማሻሻልህ በፊት የኮሎራዶ ፈቃድ ላለው ጠበቃ አሳየው።