ድሬ–ሐረር መስመር፦ አንዷ መኪና ታተርፋለች፣ ሌላዋ ጋራዥ ትውላለች

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ከወንድሜ ጋር ሁለት ሚኒባስ አለን፣ ሁለቱም ድሬ–ሐረር ነው የሚሠሩት። ሞዴላቸው አንድ፣ የሚያስገቡት የቀን ገቢ አንድ፣ ነዳጅ በሾፌሩ። አንዷ ምንም ችግር የለባትም። ሌላዋ ግን የፍሬን ሸራ አስቀየርን ስንል ፍሪሲዮን፣ እሱ አለቀ ስንል ጎማ፣ ብቻ ወር ሲሞላ ገቢውን ጋራዥ ይበላዋል። ወንድሜ ሾፌሩን እናባርረው ይላል። ስንቱን አባረን እንችላለን አቦ! እኔ አሠራራችን ላይ ነው ችግሩ ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

ደንገጎ፦
ያንን መስመር ለዓመታት ነድቼዋለሁ፣ ልንገርህ። ነዳጅ በሾፌሩ ከሆነ ከደንገጎ ቁልቁል በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገባ ነው የሚለቃት። ነዳጁ ከሱ ኪስ ነው፣ ሸራው ካንተ! በማርሽ አስይዞ እግሩን ከነዳጅ ቢያነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ ያን ያህልም አትጠጣም፣ ግን ማን ነግሮት። ድሬ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ደንገጎ ከ2,000 በላይ፤ ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ ወርዶ ሸራ ምን ይሁን? የሚያስገባውንም የቀን ገቢ ቆርጣችሁበታል፣ የሱ ከዛ የተረፈው ነው። ወረፋ የረዘመ ቀን ወላሂ ወይ ይበራል ወይ ትርፍ ይጭናል።

ከዚራ፦
ናይሮቢ ማታቱዎች (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲዎች) ላይ የተሠራ ጥናት አለ። አሠራራቸው እንደኛው ነው፣ ሾፌሩ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። 255 ሚኒባሶች ላይ ጂፒኤስ ተገጠመና የተወሰኑት ባለቤቶች የመኪናቸውን ውሎ በስልካቸው እንዲያዩ ተደረገ። የነዚህ ትርፍ 13 በመቶ ግድም ጨመረ። የገረመኝ ግን የቀን ገቢውን ራሳቸው ባለቤቶቹ መቀነሳቸው ነው! ሾፌሮቹም መኪና የሚጎዳ አነዳድ ቀነሱ። ለደህንነት ግን መሣሪያው ብቻውን ለውጥ አላመጣም፣ ተሳፋሪዎች ደስ አይበለን።

ስምሪት፦
አውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ስምሪት ክፍል ሠርቻለሁ። ጂፒኤሱ ይቆይና፣ ደብተር አላችሁ? ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ምን ተቀየረ፣ ማን ነበር የሚነዳው። ይሄ ከሌለ ሜካኒኩ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ሁለቱን ሾፌሮች ደግሞ ለወር ያህል አቀያይሯቸው። ሸራ መብላቱ ከሾፌሩ ጋር ከሄደ አነዳዱ ነው፣ እዛችው መኪና ላይ ከቀረ መኪናዋን አስፈትሹ። ሳታጣሩ ሰው አታባርሩ።

የሳቢያን ልጅ፦
ደህናዋን የሚነዳት የአክስታችን ልጅ ነው፣ ማታ ማታ መኪናዋን እኛው ግቢ አሳድሮ ከወንድሜ ጋር ያዩዋታል። ያኛው የት እንደሚያሳድራት እንኳ አልጠየቅንም። ግን ነዳጁን እኛ ብንችል ከታንኩ እየቀዳ አይሸጥብንም?

ደንገጎ፦
ይሸጣል እንጂ 😂 ኪሎ ሜትር ጻፉ የተባላችሁት ለዚህ አይደል? ደርሶ መልስ 110 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ታንኳን ሞልታችሁ አንድ ቀን አብራችሁት ሂዱና ማታ መልሳችሁ ሙሏት። የጠጣችውን አወቃችሁ ማለት ነው። ከዛ በላይ ሲጠይቅ ሂሳቡን ያምጣ። የቀን ገቢውን ግን ትንሽ ቀንሱለት፣ ካልሆነ ነዳጁን ብትችሉለትም መብረሩን አይተውም።