በፍስክ ቀን ያለ ሥጋ ባልን የሚያጠግብ ምን ልሥራ?

የአቶቴዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እጃችሁ ምግብ ላይ የተባረከ ሰዎች እስቲ እርዱኝ። ያለሁት ሐዋሳ ነው።

ባለቤቴ ጋራዥ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ሲታገል ውሎ ይመጣል፣ ጥሩ ምግብ ይገባዋል፣ እኔም ደስ እያለኝ ነው የምሠራለት። ግን ሥጋ አሁን እንደ ድሮው ዘወትር የሚገዛ ነገር አልሆነም። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። በአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ከሁለት ኪሎ በላይ ምስር ይገዛል።

የሚገርማችሁ በጾም ምንም ችግር የለም። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ምን ጎደለ ብሎ አያውቅም። ችግሩ የፍስኩ ነው። ማክሰኞ ማታ ምስር ወጥ ሳቀርብ ትሪውን ያይና "ምነው፣ ጾም ገባ እንዴ?" ይለኛል። ይበላል፣ ግን በልቶም የራበው ይመስላል።

እና የምፈልገው ሥጋ የሌለበት፣ ኪስ የማይጎዳ፣ ግን የፍስክ ምግብ የሚመስል ነገር ነው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ አይብ ይቻላል። ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ ሥሪ ብቻ እንዳትሉኝ።

የሐይቅ ዳሩ

እህቴ፣ ሐዋሳ ተቀምጠሽ ምን ያስጨንቅሻል? ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርደሽ ቆሮሶ ዓሣ ግዢ። በደንብ ጥበሺው፣ ዳጣ ከጎኑ። ከሥጋ በምን ያንሳል?

የአቶቴዋ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ዓሣ እሁድ እሁድ እንበላለን። ትልቋ ልጄ ግን ዓሣ አፏ አታስገባም። ለሁላችንም የሚሆን ነገር ነው የቸገረኝ።

ባለሸክላዋ

የኔ እህት፣ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው፣ ሥጋ ነፍሳቸው ነው። ከእነሱ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰው በፍስክ ቀን የሚናፍቀው ሥጋውን ብቻ አይደለም። የቅቤውን ሽታ ነው፣ ሚጥሚጣውን ነው፣ ሸክላው ላይ ሲንጫጫ የሚሰማውን ድምፅ ነው። ምስር በዘይት ተሠርቶ ከቀይ ሥርና ከጥቅል ጎመን ጋር ከቀረበ፣ ምንም ቢጣፍጥ ዓይኑ የሚያየው ጾም ነው። መጀመሪያ ከትሪው ላይ የጾሙን መልክ አንሺ።

በጎመን ክትፎ ጀምሪ። ጎመኑን ግንዱን አውጥተሽ ቀቅዪው፣ አጥልዪው፣ ከዚያ በሁለት እጅሽ ጭመቂው። ጠብ የሚል ውሃ እስኪያጣ ድረስ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ የያዘ ጎመን ቅቤ አይቀበልም፣ ክትፎው ውሃ ውሃ ይላል። ከዚያ በተሳለ ቢላ ደጋግመሽ ክተፊው፣ ቅጠልነቱ እስኪጠፋ። ቅቤውን ለብ ብቻ አድርገሽ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ጨምሪበት፣ ከእሳት ካወረድሽ በኋላ ጎመኑን ለውሺበት። እንዳትጠብሺው። አይቡ ከጎን ይሁን። ቆጮ እንደሆነ እኛ አገር ሞልቷል፤ ሳሳ አድርገሽ ምጣድ ላይ ዳር ዳሩ ጠበስ እስኪል አሙቂው። ስታቀርቢም በጣባ አድርጊው፣ በሳህን አይሁን። ይቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ትልቅ ለውጥ አላት።

ሌላው የሽምብራ ዓሣ ነው። የጾም ምግብ ነው፣ ግን በፍስክ ቅቤ ጠብ ሲደረግበት ማንም ጾም አይለውም። የሽምብራ ዱቄት በጨው፣ በደቀቀ ሽንኩርትና በትንሽ ዘይት ጠንከር አድርገሽ አቡኪ። እጅ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት ይቀረዋል፣ ከተሰነጣጠቀ ውሃ። በመዳፍሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ በዓሣ ቅርጽ ቁረጪው፤ ዓይኑንና ክንፉን ልጆችሽ ይሥሩት፣ ደስ ይላቸዋል። ሁለቱንም ጎን ምጣድ ላይ አብስዪው፣ ወይም በዘይት ጥበሺው።

ቁሌቱን ለብቻው ሥሪ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላ፣ ቡናማ ይሁን። ከዚያ ዘይትና በርበሬ፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ። ለዶሮ ወጥ የምትሰጪውን ትዕግሥት ስጪው። ዓሣዎቹን መጨረሻ ላይ ጨምረሽ ጥቂት ይንተክተኩ፣ መረቁን ሲጠጡ ይለሰልሳሉ። ውስጡ ግን ጥርስ የሚይዘው ነገር ይቀራል። ሥጋ ወዳድ "ምስር አያጠግበኝም" የሚለው አንድም በዚህ ነው፣ ማኘክ ይፈልጋል።

ጊዜ በሚያጥርሽ ቀን በዚያው ቁሌት የተቀቀለ እንቁላል ጨምሪ። መልኩም ሽታውም የዶሮ ወጥ ነው፣ ዶሮው ብቻ ነው የሌለው። መከለሻውን አትርሺ።

እንጉዳይ ከተገኘም በጣትሽ ሰንጥቀሽ፣ ውሃው እስኪመጥ በደረቅ መጥበሻ አቆይተሽ፣ እንደ ጥብስ ሥሪው። ግን ዋጋው አንዳንዴ ይወደዳልና በዚህ አትመኪ።

ሥጋ ወዳዱ

እኔ በባልሽ ወገን ነኝ። ሥጋ እወዳለሁ፣ ጥሬውንም ጥብሱንም። ባለቤቴ ግን ቦለቄ አስለመደችኝ። ቀዩን ቦለቄ ማታ ዘፍዝፋ ታሳድራለች፣ ውሃውን ደፍታ በአዲስ ውሃ ትቀቅላለች። ከዚያ ልክ እንደ ጥብስ ነው የምትሠራው። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ቃሪያ፣ በትኩስ ሸክላ። ጥቂቱን ቦለቄ ትደፈጥጠዋለች፣ መረቁ ወፈር ይላል። በእንጀራ ሲጠቀለል ልብ ያደርሳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሳትነግሪው አትጀምሪ። ቁጭ ብላችሁ የቤቱን ወጪ ተነጋገሩበት። እኛ ከሥጋ የተረፈውን ብር ለፋሲካ ቅርጫ ማስቀመጥ ጀመርን። ብሩ የት እንደሚሄድ ሳውቅ የማክሰኞው ቦለቄ አልከበደኝም። የበዓሉ ሥጋም ከድሮው በለጠ ጣፈጠኝ።

የጤና ጣቢያዋ

ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ልበል። ቀይ ቦለቄ በደንብ ይፍላ። በደንብ ያልበሰለ ከሆነ ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። መዘፍዘፉም ውሃውን መድፋቱም ልክ ነው።

"ምስር ጉልበት አይሰጥም" ለሚባለው፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ጋራዥ ለሚውል ሰው የሚናቅ አይደለም። ብረቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወስደውም። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ አብሮ ሲበላ ቫይታሚን ሲያቸው ያግዛል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይቀንሱታል። የእኛ ቤት ልማድ ትሪው ሳይነሳ ጀበናው ይጣዳል። አንድ ሰዓት ያህል ይቆይላችሁ። ለልጆቹ ደግሞ እንቁላልና አይብ አታጉድይባቸው፣ ቫይታሚን ቢ12 ከጥራጥሬና ከአትክልት አይገኝም።

የአቶቴዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት የጎመን ክትፎውን ሠራሁ፣ ጣባ ከጎረቤት ተውሼ። ጭመቂ እንዳልሽኝ ጨመቅኩት፣ ኩባያ የሚሞላ ውሃ ወጣው! መጀመሪያ ሲያየው ዝም አለ። ሁለት ሦስት ጉርሻ ከጎረሰ በኋላ "ቆጮ ጨምሪልኝ" አለ። ትልቋም በላች። ስለ ወጪውም ተነጋገርን፣ የቅርጫውን ነገር ወዶታል።

የቀረኝ ጥያቄ ቅቤው ነው። ቅቤ ራሱ እሳት ሆኗል። ሁሉንም በቅቤ ከሠራሁ ከሥጋው ያተረፍኩት ብር በቅቤ ያልቃል።

ባለሸክላዋ

እውነትሽን ነው፣ እኔም የምሸጠው በዚሁ ቅቤ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ቁጠባው ያለው አጨማመሩ ላይ ነው። ቁሌቱን በዘይት ሥሪ። ቅቤ ከመጀመሪያው ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ወጡን ካወረድሽ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ከላይ አድርጊና ክደኚው። ክዳኑን ትሪው ላይ ስትከፍቺ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።

ለጎመን ክትፎው ግማሹ ዘይት፣ ግማሹ ቅቤ ይሁን። ዘይቱን በኮሰረት፣ በኮረሪማና በነጭ ሽንኩርት በትንሽ እሳት አሙቂ፣ አጥልዪው፣ ከቅቤው ጋር ደባልቂው። የተነጠረ ከምትገዢም ለጋውን ገዝተሽ ራስሽ አንጥሪ፣ ምን እንደገባበት ታውቂያለሽ።

ለሽምብራ ዓሣው ደግሞ ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ሽምብራውን ከሽሮው ለይተሽ አስፈጪ። ሽሮው ቅመምና በርበሬ ስላለበት ምጣድ ላይ ያርና ይመራል።