የክትፎ ቤቱ ግድግዳ፦ ለሑዳዴ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ የቀለም ቅብ ማኅበራችን አባላት። ትናንት ክትፎ ቤቱን ለክተን መጥተናል። ሳሎኑ 8 በ5 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 68 ካሬ ገደማ ግድግዳ አለን። ከወለል እስከ ወገብ አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ድሮ ነጭ የነበረ ፕላስቲክ ቀለም። ባለቤቷ ስልካቸው ላይ ፎቶ አሳዩን፤ ዙሪያውን እብነ በረድ የመሰለ ስቱኮ። «እንደዚህ አድርጉልኝ» ነው ያሉት። እስከ ዓርብ አንድ ጽሑፍ ይዤላቸው መሄድ አለብኝ፤ የየራሳችሁን ወርውሩ።

ስቱኮ ሠሪ፦ እኔ እዚህ አለሁ። በስፓቱላ ሦስት እጅ ስስ ስስ አድርጎ በሰም መወልወል ነው። ዋጋውም ከተራ ቀለም ጋር አይገናኝም፣ ለማኅበሩ ጥሩ ገቢ ነው።

አንጋፋው አባል፦ ልጄ፣ ያ ጸጉር ቤት ተረሳህ? በዘይት ቀለም ላይ ሳንፍቅ ስቱኮ ለጥፈን በሦስተኛው ወር እንደ ልጣጭ ተንከባሎ ወረደ። ገንዘቡን የመለስነው ከማኅበሩ ሣጥን ነው። ትናንት እናንተ ስትለኩ እኔ አረንጓዴውን በምላጭ መስቀለኛ ጫርኩት፤ የማሸጊያ ፕላስተር ለጥፌ ላጥ ሳደርገው ቀለሙ አብሮ መጣ። ከሥሩ ሰማያዊ አለ፣ እሱም ዘይት ቀለም። ላይኛውን በጣቴ ብነካው ደግሞ ያዳልጣል። የስንት ዓመት የቅቤ እንፋሎት የተቀመጠበት ግድግዳ ነው፤ በሞቀ ውኃና በሳሙና ሳይታጠብ ምንም ቀለም አይይዝም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ቀለም በሊትር 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፣ የላይኛው ክፍል ሁለት እጅ ቢቀባ ከ9 ሊትር አይበልጥም። ወጪው ያለው ማጠቡና መፋቁ ላይ ነው። ለየብቻ ጽፈን ዋጋ እንስጠው። «ቀለም ቅብ» በሚል አንድ መስመር ውስጥ ከደበቅነው ደንበኛ መጀመሪያ የሚከራከረው እሱን ለማስቀነስ ነው።

ጥለት ሠሪ፦ ሁለት ቀለሙን ለምን እናጠፋዋለን? ታችኛው በዘይት ቀለም የተቀባው የወንበር ጀርባና ቅባት የነካው እጅ ስለሚያርፍበት ነው። ፍቀን፣ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባውን) መትተን፣ የሸክላ መልክ እንስጠው። ላዩን ክሬም ቀብተን፣ በውኃ የቀጠነ ቡናማ በስፖንጅ እንንካው። መጋጠሚያው ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ጥለት አዞርበታለሁ። ቅርጹን ከአሮጌ የራጅ ፊልም ነው የምቆርጠው። ብሩሹ ጨርቅ ላይ ተጠርጎ ሊደርቅ ካልተቃረበ ቀለሙ ከሥር ይሾልካል፣ ስለዚህ እባካችሁ ማንም «ላግዝሽ» እንዳይለኝ። ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ነገርማ አይሆንም፤ ያ ግድግዳ ሆድ አለው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ጉዱ ይወጣል።

ስቱኮ ሠሪ፦ ይሁን። ግን ጭራሽ እምቢ ካልናቸው ሌላ ሠሪ ይጠራሉ። ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ያለችውን 4 ካሬ ስጡኝ፤ እስከ ልስኑ ፍቄ እሠራታለሁ።

አንጋፋው አባል፦ እሷን ውሰድ። መጸዳጃ ቤቱን የሚያዋስነውን ግን ማንም እንዳይነካው፤ ታቹ ጨው አውጥቷል። መጀመሪያ ቧንቧው ይሠራ፣ ከዚያ ይድረቅ። ይህ በጽሑፉ ላይ ይግባ፣ በኋላ እኛ ላይ እንዳይመጣ።

ሰብሳቢ፦ ጊዜውን ልናገር። 55 ቀን ሙሉ ክትፎ የሚበላ የለም፣ ቤቱ ዝግ ነው። በቅበላ ማግስት እንግባና ከሆሳዕና በፊት እናስረክብ፤ በሕማማት ሠራተኛ አላገኝም። ዘይት ቀለሙ በእጅና በእጅ መካከል ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ታችኛው ይቅደም፤ ሽታውም ይወጣል። ቅቤ ሽታ ይስባል። የፋሲካ ክትፎ ቲነር ቲነር (የዘይት ቀለም ማቅጠኛው) ካለ ቀሪውን ክፍያ እርሱት።

ጸሐፊ፦ ይዤዋለሁ። እጥበትና ፍቀት ለብቻ፣ ታች ሸክላ፣ ላይ ስፖንጅ፣ ጥለት፣ 4 ካሬ ስቱኮ፣ የቧንቧው ጉዳይ በባለቤቷ በኩል። 40 በመቶ ቅድሚያ ብያለሁ፣ የሚቃወም ይናገር። ናሙናውን ደግሞ ሰሌዳ ላይ ሠርተን እዚያው እንስቀልላቸው፤ በራሳቸው አምፖል ሥር ቀንም ማታም ይዩት፣ ከስልኩ ፎቶ ያላቅቃቸዋል። ማን ያዘጋጃል?

ጥለት ሠሪ፦ የስፖንጁንና የጥለቱን እኔ፣ የስቱኮውን እሱ። ራጅ ያለው ግን ያምጣልኝ፤ እኔ ጋ የቀረችው የእናቴ ጉልበት ብቻ ናት፣ እሷን ደግሞ ሐኪሙ እንደገና ፈልጓታል።